አርበኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ማህበራቸው ለምን ወጣት አጣ?

የመክፈቻ ጥያቄ

በምኖርበት ከተማ የአርበኞች መታሰቢያ ማህበር አለ። ስሙን አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አልመጣሁም። የቅድመ አያቴ ስም መዝገባቸው ላይ ስላለ እኔም በወጣት ክንፉ ተመዝግቤያለሁ። ክንፉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈለጋል፤ የካቲት 12 እና ሚያዝያ 27። ወንበር እንደረድራለን፣ ባነር እንይዛለን፣ ውሃ እናድላለን፣ ፀሐይ ሲበረታ ለአባቶች ጃንጥላ እንዘረጋለን። ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ እስከ ቀጣዩ በዓል የሚደውልልን የለም። ስብሰባ ላይ እጅ ካወጣን ደግሞ ገና ልጆች ናችሁ እንባላለን።

ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገቡ 15 ዓመታቸው ነበር። ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ድርጅት ውስጥ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። የዛሬው ወጣት ታሪክ አይወድም እንዳይባል፣ ከ2006 ጀምሮ በጉዞ አድዋ ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው የሄዱ ልጆች አሉ። ታዲያ ወጣቱ ነው የራቀው ወይስ ማህበሩ ነው በሩን የዘጋው? እኔ በሩ ጠቧል ባይ ነኝ። ተቃወሙኝ።

እውነትም ተቃወሙኝ። የኢንተርኔት ውይይታችን ክር በጣም ስለረዘመ አሁን ለሚቀላቀል ሰው የተባባልነውን በየቁጥሩ እጽፋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ ጭብጡን ነው የያዝኩት።

ምላሽ 1። ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖ ጀመረ፣ ሐሳቡን እንደሚጋራ ነገረኝ፣ ከዚያ የማህበሩን ስም ጠየቀ። አልነገርኩትም። አልተቀየመም።

ምላሽ 2። አባታቸው አርበኛ የነበሩ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። የአርበኞች ማህበር መጀመሪያውኑ ለወጣት ማስተማሪያ እንዳልተቋቋመ አስረዱ። በ1933 ከጫካ የወጣው ሰው ቁስለኛ ነበር፤ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ቤተሰቡ የተበተነበት ሞልቷል። እርስ በርሱ ይቀባበር ነበር። አቤቱታ ይዞ ደጅ ሲጠና አብሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ማህበሩ ለአባታቸው ከእድር የሚለይ ነገር አልነበረም። እድር ውስጥ ገብቶ ራዕይና ተልዕኮ የሚል ወረቀት የሚያነብ ወጣት ቢመጣ አባታቸው ምን ይሉ እንደነበር ለእኛ ተዉልን። ከክሩ ሁሉ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ይሄ ምላሽ ነው። እኔ ማህበሩን እንደ መሥሪያ ቤት ነበር የማየው።

ምላሽ 3። ወጣትነት ላይ ያነሳሁትን ወደደው፤ ወደደውና አጋነነው። ጥቁር አንበሳ ማለት የሆለታ ካዴቶች ብቻ ናቸው፣ ሽማግሌ አልነበረበትም ብሎ ደመደመ። አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምንም ጨመረ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ወጣቶች እንደነበሩ አስታወሰ።

ምላሽ 4። እሳት ጎርሶ መጣ። የዛሬ ወጣት ከነዚያ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠራት እንደሌለበት፣ አርበኝነት ማለት ለእሱ ጎፈሬ ዊግ ተከራይቶ ቲክቶክ ላይ መፎከር እንደሆነ ጻፈ። ሽለላና ቀረርቶን ለይተው የማያውቁ ልጆች ድምፅ እንዲሰጣቸው መጠየቃቸው አስቆታል። ብዙ ሰው በአውራ ጣት ደገፈው። ከደጋፊዎቹ ስንቱ ሽለላና ቀረርቶን እንደሚለይ ግን እንጃ።

ምላሽ 5። የ3ን ስህተት አረመ፣ በትህትና። የጥቁር አንበሳ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም እንጂ ካዴት እንዳልነበሩ፣ ድርጅቱ ውጭ ተምረው የመጡ ሲቪሎችንም መኮንኖችንም ያቀፈ እንደነበር አብራራ። በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋግተው፣ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ለመስጠት ተገደዱ። የሰውየው ነጥብ ወጣቱና ጎልማሳው አብረው ስለነበሩ ነው ያን ያህል የሄዱት የሚል ነው። 3 ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው።

ምላሽ 6። የ4ን ነገር አላሳለፈችም። በ1931 ሚያዝያ ላይ ሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ በመርዝ ጋዝ ስላለቁት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው መጀመሪያ የሰማችው ከዚያው ከተናቀው ቲክቶክ መሆኑን ጻፈች። ትምህርት ቤት አልነገራትም፣ ሰፈሯ ያሉ አባቶችም አልነገሯትም። ከዚያ 4 ራሱ ስለ ዘረት የሚያውቀውን እንዲነግራት ጠየቀች። 4 ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ምላሽ 7። ክሩን ያዞረው ይሄኛው ነው። አያቱ የውስጥ አርበኛ ነበሩ። ከተማ ውስጥ ተቀምጠው፣ ለጣሊያን እየሠሩ በሚመስል ሁኔታ፣ ጥይትና መድኃኒት ወደ ጫካ ያሳልፉ ነበር። ልጁ አንድ ማህበር ለመመዝገብ ሄደ። የአያትህን ሜዳይ አምጣ ተባለ። የለም። ደብዳቤ? የለም። እንግዲያው ምስክር አምጣ ተባለ። አያቱን የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል። ጸሐፊው ፎርሙን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ልጁ እስካሁን ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ መልሱን አውቀዋለሁ ባይ ነው።

ምላሽ 8። አጭር ነው፣ ግን ምላሽ 7ን የሚያስከነዳ ነው። የውስጥ አርበኛ ሥራው ማስረጃ አለመተው እንደነበረ አስታወሰን። ደብዳቤ ያስቀመጠ የውስጥ አርበኛ ተይዟል፣ ተሰቅሏል። ሸዋረገድ ገድሌን ጠቀሰ፤ ገንዘብና መሣሪያ ሲያቀብሉ ተይዘው ተገርፈው፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው ነበር። እሳቸው በስማቸው ታወቁ። በስማቸው ያልታወቁትን ግን ወረቀት አምጡ ማለት ጥሩ ስለሠሩ መቅጣት ነው አለ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ከመክፈቻው ጥያቄዬ ይልቅ የዚህ ልጅ ጉዳይ ነው የያዘኝ።

ከ9 እስከ 12 ያለው ወደ ባንዳ ነገር ገባ። መግባቱ አይቀርም ነበር። 9 በዘር የሚቆጠር ከሆነ የባንዳ ልጅም ይቆጠርና ይታወቅ አለ። 10 ነገሩን ቆሰቆሰ፤ ከነጻነት በኋላ ሹመቱን ማን ወሰደው የሚለውን የቆየ ቁስል አነሳ። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃም ላይ ጣሊያንን መውጫ መግቢያ አሳጥቶ በ1937 በአገሩ መንግሥት መሰቀሉን አስታወሰ። 11 አካባቢ እየጠራ ሊሳደብ ሲል አወያዩ ግማሹን አጠፋበት። የቀረው ግማሽም ባይነበብ የሚቀር ነገር የለውም።

12 ግን ዝም አሰኘን። በእናቱ በኩል አያቱ አርበኛ፣ በአባቱ በኩል አያቱ የጣሊያን አስተርጓሚ ነበሩ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ፎቷቸው ተሰቅሏል፣ ሁለቱንም ይወዳቸዋል። የትኛውን ፎርም ልሙላ ብሎ ጠየቀ። ለማላገጥ አልነበረም። 9 ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ምላሽ 13። የዘር ነገር ይብቃን የሚል ነው፣ ግን ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። መነኩሴ ነበሩ፤ ልጅ የላቸውም። በልጅ ልጅ ብቻ አባልነት ከተሰጠ እሳቸውን ማን ሊወክል ነው? አብርሃና ሞገስስ የኤርትራ ልጆች አልነበሩም ወይ? ሐውልታቸው በ2005 ለባቡሩ ሥራ ከቦታው ሲነሳና በ2008 ሲመለስ ያለቀሰው ሕዝብ የማን ዘር ነበር ብሎ ጨረሰ። ሐውልታቸው ያለው የአቡኑን ነው፤ አጻጻፉ ትንሽ ያምታታል።

ምላሽ 14 የ13ን ሰዋስው አረመ። ሌላ የጻፈው ነገር የለም።

ምላሽ 15። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን አልተናገሩም፤ ቢሆንም ሁላችንም ጋሼ ማለት ጀመርን። ረጅም ነው፣ አንቀጽ የለውም፣ እያንዳንዱ መስመር ግን ዋጋ አለው። ሽማግሌዎቹ ወጣት የሚፈሩት በንቀት ብቻ እንዳልሆነ ነገሩን። በዓሉ በመንግሥት ሲቀያየር አይተዋል። ደርግ መጥቶ የድሉን ቀን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። አባቶች ዕድሜ ልካቸውን የወጡበት ቀን በአንድ ትእዛዝ ተራ ቀን ሆነ። ኋላ ቀኑ ተመለሰ። ይሄን ያዩ ሰዎች አንድ ወጣት አዲስ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ሐሳቡን አይደለም፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ነው። የፓርቲ ቲሸርት ለብሶ መጥቶ ማህበሩን ይጠቀልለዋል ብለው ይሰጋሉ። ጋሼ ይሄ ስጋት ልክ ነው አላሉም፤ መነሻ አለው ነው ያሉት። በሩ የጠበበበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ምላሽ 16። ልጅ እግር ይመስላል። መጋቢት 28 እና ሚያዝያ 27 ልዩነታቸው ምንድን ነው፣ ድሉ አንድ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። 4 ካደፈጠበት ብቅ ብሎ ይሄው አላልኳችሁም አለ። ቁጥር እንኳ አልሰጠሁትም።

ምላሽ 17። ለልጁ በደንብ መለሰለት። መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ አዛዦች የመሩት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው በ1928 ልክ በዚያው በሚያዝያ 27 ስለነበር አምስት ዓመቱ ከቀኑ ጋር ገጠመ። ስለዚህ ደርግ ቀኑን ሲለውጥ የለወጠው ቀን ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡን ከበዓሉ ማውጣት ነበር የፈለገው። ጋሼ 15 በልብ ምልክት አጸደቁለት። ልብ ምልክቷን የት እንዳገኟት እኔንጃ።

18 እና 19 ከርዕስ ወጡ። አንዷ ለሚያዝያ 27 የአርበኛ ልብስ የሚያከራይ የሚያውቅ ካለ ጠየቀች፤ ለምድ፣ ጋሻና ጎፈሬ ፈልጋለች። 19 ጎፈሬው ይሁን፣ ሜዳይ እንዳታደርጊ ብሎ ተቆጣት። የአርበኝነት ሜዳይ ላይ ያሉት ዘንባባዎች ጌጥ እንዳልሆኑ፣ የተዋጉበትን ዓመት እንደሚናገሩ አስረዳት። አምስት ዘንባባ ያለው ሰው አምስቱንም ዓመት ጫካ ነበር ማለት ነው። ባለፈው በዓል ላይ ፂም ያላበቀለ ልጅ ባለ አምስት ዘንባባ አድርጎ ሲፎክር አይቶ አንጀቱ አርሯል። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጎፈሬው የት ይገኛል ብላ ደገመች።

ምላሽ 20። ሴት ናት፣ የተናደደች። በክሩ ውስጥ እስካሁን ከሸዋረገድ በቀር የሴት ስም እንዳልተጠራ ቆጥራለች። ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል፤ በዚያው የጫካ ኑሮ ወልደዋል። የሷ ማህበር ግን ሴት ወጣቶችን የሚጠራው አበባ እንዲያቀርቡ ነው። ነጭ ቀሚስ ልበሱ፣ ነጠላ አትርሱ ይባላሉ። መፈክር የሚያሰማው ወንድ ነው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ወንድ ነው። አበባ መያዝ ጠላሁ አላለችም። አበባ ብቻ ነው የጠላችው።

ምላሽ 21። ሰዉ ሁሉ ለምን አንገባም እያለ ሲከራከር እሷ በሩን ትታ በመስኮት ገብታለች። ከማንም ፈቃድ ሳትጠይቅ የአርበኞችን ልጆች ቤት ለቤት እየሄደች በስልኳ ትቀዳለች። ስሌቷ ቀላል ነው። በ1928 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ100 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ተዋጊውን አይደለም፤ ማዕድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ወሬ ስትሰማ ያደገች ልጁን ነው። እሷም አሁን 80 አልፏታል።

አሠራሯን በዝርዝር ጻፈችው፣ እኔም ደስ ስላለኝ በዝርዝር አስተላልፈዋለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም፤ የስኒው ድምፅ ይገባል። አልጋ ወይም ትራስ ላይ ነው። ቡናው እስኪፈላ ድምፅ ትቀዳለች እንጂ ቡናው በስኒ እየተቀዳ አትቀዳም። ስለ ጦርነቱ ንገሩኝ ብላ አትጀምርም፤ ሰዎች እንዲህ ሲባሉ በሬዲዮ የሰሙትን ይደግማሉ። ስንቁን ማን ነበር የሚያዘጋጀው ብላ ነው የምትጀምረው። በሶው በምን ተቋጥሮ ይሄድ ነበር? ማን ይወስደዋል? ጫማ ነበራቸው? አባትዎ በማታ ሲመጡ ውሻው ይጮህ ነበር ወይስ ያውቃቸዋል? አንዲት እናት በዚህ በውሻው ጥያቄ ላይ ሳቁና ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ውሻው ስለሚጮህ ጎረቤት ወስደው አስረውት ነበር። ጎረቤትየው በዚህ ምክንያት ነገሩን አወቀ፣ አወቀና ለማንም ሳይተነፍስ እህል መላክ ጀመረ። እሱም የውስጥ አርበኛ ሆነ ማለት ነው። ስሙ በየትኛውም መዝገብ የለም።

መጨረሻ ላይ የፈረስ ስማቸውን ትጠይቃለች። አባ ምን ይባሉ ነበር? ስማቸው የተረሳ ሰዎች እንኳ በፈረስ ስማቸው ይታወሳሉ ትላለች።

22 ይሄን ሲያነብ የታየው ሌላ ነው። የተቀዳው የማን ነው? ቤተሰቡ ነገ አጥፊው ቢል ታጠፊዋለሽ? ዩቲዩብ ላይ ጭነሽ ገንዘብ ብታገኚበትስ? አነጋገሩ መርማሪ መርማሪ ይሸታል፣ ጥያቄው ግን ቦታው ላይ ነው። 21 ሳትቆጣ መለሰች። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ በፍላሽ ትሰጣለች፣ ያለፈቃድ የትም አትጭንም። 22 ይሄን በጽሑፍ አስፈርሚ አላት። እሷም እሺ አለች። ሁለቱ ቢጋቡ ጥሩ ማህበር ይወጣቸዋል።

ምላሽ 23። የአንድ ማህበር ሥራ አስፈጻሚ አባል ነኝ ያለ ሰው። ቁጣው ይታያል፣ ለመደበቅም አልሞከረም። ወጣቶቹ መተዳደሪያ ደንቡን ሳያነቡ እንደሚጮሁ፣ ወጣቱ ተባባሪ አባል እንጂ መደበኛ አባል ስላልሆነ ድምፅ እንደማይሰጥ፣ ድምፅ የፈለገ ደግሞ መዋጮውን በወቅቱ መክፈል እንደሚለምድ ጻፈ። ከወጣት ክንፉ የዓመቱን መዋጮ የከፈለው ከግማሽ በታች ነው አለ። እዚህ ላይ አልዋሸም። የእኛም ክንፍ ያው ነው። ሜዳይ የሌላቸውን የውስጥ አርበኞች ግን ምን እናድርጋቸው ተብሎ በ8 ሲጠየቅ፣ ደንቡ እንደማይፈቅድ ብቻ መለሰ። ደንቡን ማን ይለውጠዋል ሲባል ጠቅላላ ጉባኤው አለ። ጉባኤው ላይ ማን ድምፅ ይሰጣል ሲባል ዝም አለ። 24 እና 25 የሳቅ ምልክት ብቻ ናቸው።

ምላሽ 26። ጋሼ 15 ተመለሱ። የ23ን ሰው በስሙ ያውቁታል መሰለኝ፤ አንተ ልጅ ብለው ነው የጀመሩት። ተባባሪ ምናምን የሚለው ነገር እሳቸው ባሉበት ማህበር እንደሌለ፣ እሳቸው ጋ ያለው ችግር የሰው ሳይሆን የመዝገብ እንደሆነ ጻፉ። የድሮዎቹ የአባልነት ካርዶች በካርቶን ተሞልተው መጋዘን ውስጥ ናቸው። አይጥ ጀምሯቸዋል። ኮምፒውተር የሚችል ሁለት ሰው ቅዳሜ ጠዋት ቢመጣ ቁልፉን ራሳቸው ይዘው እንደሚጠብቁ አስታወቁ። ምሳ እችላለሁ አሉ። እስከዚህ ድረስ በሩ ተዘጋ ሲሉ ከነበሩት ውስጥ እጁን ያወጣው አራት ሰው ነው፤ ከአራቱ አንዷ ልብስ ፈላጊዋ 18 ናት። 4 አልተገኘም።

ከ27 ጀምሮ ክሩ የጋሼን ካርዶች ኮምፒውተር ላይ የምናሰፍርበት ሰንጠረዥ ጉዳይ ሆኗል። ምን ምን ዓምድ ይኑረው? ስም፣ የፈረስ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የዘመቱበት ቦታ፣ በማን ሥር፣ ዘንባባ። 20 የባለቤት ስም ይግባ አለች፣ ሚስትም ስንቅ ስላዘጋጀች ትቆጠር ብላ። ገባ። 12 አስተርጓሚውን አያቱን የሚያስገባበት ቦታ እንዳለ ጠየቀ። እሱ ገና አልተወሰነም፤ ሁለት ሰው ተሰዳድቦበታል።

ክርክሩ የጦፈው ማስረጃ የሚለው ዓምድ ላይ ነው። 23 ሜዳይ፣ ደብዳቤ ወይም የሰው ምስክር ካልሆነ ባዶ ይተው ባይ ነው። 5 ከሱ ጋር ቆመ፤ ያልተጣራ ነገር ካስገባን ነገ ማንም ተነስቶ አያቴ አርበኛ ነበሩ ይላል፣ ያኔ እውነተኞቹም ይጠረጠራሉ አለ። ከባድ ነጥብ ነው፣ የሚያናንቁት አይደለም። 8 እና 21 ደግሞ የቤተሰብ ቃል ብቻ የሚል አራተኛ ምርጫ ይጨመር አሉ። ያነበበው ሰው የፈለገውን ያህል ይመነው፤ መዝገቡ ግን ከየት እንደሰማው ይናገር። ሰንጠረዡን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ምርጫውን ጨምሬዋለሁ። 7 የአያቱን ስም የመጀመሪያው መስመር ላይ አስገብቷል። 5 ከስሩ ቢጫ ቀለም ቀብቶ ይጣራ የሚል ማስታወሻ ጽፎበታል።